ደብተሮቹን አታቃጥሉብኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ስኳርዎስ እንዴት ነው? መድኃኒቱን የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ።

እማማ ባለፈው ስንደዋወል «ያን የዱቤ ደብተር ሁሉ አይጥ ከሚበላው ምድጃ ይብላው» አለች። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። በስልክ ብለምናት ስቃ ታልፈኛለች።

እዚህ ካይሮ ማር ጊርጊስ የሚባል ሰፈር አለ። እሑድ እዚያ አስቀድሼ ስወጣ፣ ጥግ ላይ ወዳለው ቤን ዕዝራ ወደሚሉት የአይሁድ ምኩራብ ጎራ አልኩ። ሰፈሩ የጥንቷ ፉስጣጥ ነው፤ ካይሮ ሳትቆረቆር የነበረች ከተማ። ምኩራቡ ውስጥ የአሮጌ ወረቀት ክፍል ነበር። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት አይጣልም ብለው እዚያ ይከቱት ነበር። እያደር የገበያ ደብዳቤው፣ ሒሳቡ፣ የፍቺ ወረቀቱ፣ የሕፃናት ፊደል መለማመጃው ሳይቀር ገባበት። እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ሰሎሞን ሼክተር የሚባል መምህር ከካምብሪጅ መጥቶ አብዛኛውን ጭኖ ወሰደ። ዛሬ ካምብሪጅ ብቻ ከ190 ሺህ በላይ ቁራጭ ወረቀት አለ። ምኩራቡ ውስጥ እኔ ያየሁት ባዶ ቤት ነው። ማታ ግን የደብዳቤዎቹን ትርጉም ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ።

አባባ፣ ነጋዴዎቹ የሚናገሩት እኮ እንደ እርስዎ ነው! ቋንቋው ዐረብኛ፣ ፊደሉ ዕብራይስጥ ነው። ቃሉ ግን ሸሪክ፣ ወኪል፣ ደላላ፣ መጋዘን ነው። በየወሩ የምልክልዎት ሐዋላ እንኳ የዚያ ዘመን ቃል ነው። አጻጻፋቸውም የእኛው ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ዕድሜ ብዙ ይሉና ድንገት ወደ ተልባ እግርና ቁንዶ በርበሬ ዋጋ ይዞራሉ። ወረቀቱ ሲያልቅባቸው በኅዳጉ ዞረው፣ ገልብጠው ይጽፋሉ። መርከብ ይሰጥማልና አንዱን ደብዳቤ ደግመው ጽፈው በሌላ መርከብም ይልኩታል። ምጽዋ ፊት ለፊት ያለችው ዳህላክ ሳትቀር ስሟ አለ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። የሰሊጡን ብር ይዞ የጠፋውን ሸሪክዎን ያስታውሳሉ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። «ሳያስፈርሙ እንዴት ይሰጣሉ?» ብዬ ጮህኩብዎ። እርስዎ «ቃሉን ሰጥቶኛል» ብለው ዝም አሉ። ለዓመታት የዋህ ነዎት ብዬ አሰብኩ። የፉስጣጥ ነጋዴዎች ግን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ብዙውን ሥራ እንዲያ ነበር የሚሠሩት። አንዱ የሌላውን ዕቃ እስክንድርያ ላይ ተቀብሎ ይሸጥለታል፤ ደመወዝ የለም። ነገ ደግሞ ያኛው ለዚህኛው ይሸጥለታል። ያጭበረበረ ሰው ስሙ በደብዳቤ እስከ ፓሌርሞ ይዞራል። በእርግጥ ውልም ይጽፉ ነበር። ሲጣሉም ይካሰሳሉ፤ አይሁዳዊው ሲያዋጣው ሙስሊሙ ቃዲ ዘንድ ይሄዳል። ስለዚህ ግማሽ ለግማሽ ነን፤ እኔም ጨርሼ አልተሸነፍኩም።

ይህቺን ለእማማ ያንብቡላት። በ1100 ገደማ አል-ዉህሻ የሚሏት ሴት ደላላ ነበረች። ራሷ ነግዳ ራሷ ሀብት ያፈራች ናት። ስትናዘዝ ልጇን የሚያስተምር መምህር ይቀጠር አለች። ለልጁ አባት ግን ሰባራ ሳንቲም እንዳይሰጠው! እማማ ትወዳታለች።

ከሁሉ ልቤን የነካኝ የዳዊት ደብዳቤ ነው። ዳዊት የሙሴ ቤን ማይሞን ታናሽ ወንድም ነው። ሙሴ ትልቅ የሕግ ሊቅ ነበር፤ በኋላም የቤተ መንግሥት ሐኪም ሆነ። ዳዊት ይነግዳል፣ ሙሴ ተረጋግቶ ይማራል፣ ይጽፋል። በ1170 ገደማ ዳዊት ከሲራራው ተነጥሎ በረሃውን አቋርጦ ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ዐይዛብ ወረደ። እዚያ ከኢንዲጎ ማቅለሚያ በቀር የሚገዛ ነገር አጣ። እናም ወደ ህንድ ልሻገር ብሎ ለወንድሙ ጻፈ። በኋላ የራሱን፣ የወንድሙንና የሌሎችን ገንዘብ እንደያዘ ህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ሙሴ አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ዋለ። ከዓመታት በኋላ እንኳ የዳዊትን የእጅ ጽሑፍ ባየ ቁጥር ልቡ እንደሚገለበጥ ጽፏል።

እዚህ ላይ ስደርስ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ትዝ አለኝ። ባለ ሃምሳ ሉኩ ደብተር፣ ቀዩ እስክሪብቶ። የከፈለ ሰው ስም ላይ መስመር፣ አጠገቡ «ተከፈለ»። ሳይከፍል የሞተው ላይም መስመር፣ አጠገቡ «ነፍስ ይማር»። የእኔ የኮሌጅ ክፍያም እዚያው ከስኳርና ከሳሙና መሀል የሆነ ገጽ ላይ አለ።

እባክዎ በማዳበሪያ ጠቅልለው አልጋው ሥር ይክተቱልኝ። ለፋሲካ ስመጣ እወስዳቸዋለሁ። መድኃኒቱ ሐሙስ አዲስ አበባ ይገባል፤ የአክስቴ ልጅ ተቀብሎ በአውቶቡስ ይልከዋል። ሐዋላውም ገብቷል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ልጅ ሆኜ ያን የሸሪክዎን ገጽ አይቼዋለሁ። መስመር ተሠምሮበታል። «ተከፈለ» አይልም፤ «ነፍስ ይማር»ም አይልም። ስመጣ ይነግሩኛል።

ልጅዎ
ከካይሮ