ከሠዓሊው ጎን ለቆራሌውም ወንበር ይቀመጥለት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከተጣሉ ዕቃዎች የሚሠሩ ሠዓሊዎች ሙዚየም ተጋብዘው ስለ ሥራቸው ሲያወሩ መስማት በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። መድረኩ ላይ የሚቀመጡት ሠዓሊውና አወያዩ ብቻ ናቸው። ዕቃው ከየት እንደመጣ ሲነሳ «ከቆሻሻ የተሠራ» ተብሎ ይታለፋል። ጋዜጦችም፣ የእናንተ ጭምር፣ ይህንኑ ይደግሙታል።

የሠዓሊ ኤልያስ ስሜን ሥራ እንውሰድ። ቀረብ ብሎ ላየው የኪቦርድ ቁልፍ፣ የማዘርቦርድ ቁርጥራጭና ቀለም በቀለም የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሽቦው በጥቃቅን ምስማር ጣውላ ላይ ተመትቷል። ራቅ ሲሉ ግን ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ ማሳ ይመስላል። ይህ ሁሉ ዕቃ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ብዙው ከመርካቶ ተገዝቶ የመጣ ነው።

መርካቶ ውስጥ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው አንድ አሮጌ ዕቃ እዚያ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል። ቆራሌው ፀሐይ ዝናብ ሳይል በየሰፈሩ እየጮኸ ይሰበስባል። ጠርሙሱ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ ይለያል። የተበላሸው ሬዲዮ ይፈታታል። ሽቦ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለያል። ገበያው የሚፈልገው ውስጡ ያለውን መዳብ ነው። ለዚያ ሲባል ሽፋኑ ይላጣል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። ኤልያስ ግን ባለቀለሙን ሽፋን ይፈልገዋል። እንግዲህ ሽቦው ሳይላጥ፣ ቀለሙ ሳይበላሽ እንዲቆይ ከተፈለገ አንድ ሰው መርጦ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። ያ ሰው ሲመርጥ ምን አይቶ ነው? ዋጋውንስ እንዴት ይተምናል? የሽቦው ጭስ ደረቱን ምን አድርጎት ይሆን? ይህን ሠዓሊው ሊመልስልን አይችልም። መጠየቅ ያለበት መርጦ የሚለየው ሰው ራሱ ነው።

ይህን ስል የሠዓሊውን ክብር የምቀንስ የሚመስለው ይኖራል። በፍጹም። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ዋናው ትርዒት ላይ ሥራውን ያሳየ ሰው ነው። ከትርዒት አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈቱት ዞማ ሙዚየምም ከጭቃና ከጭድ የታነፀ፣ የአገሩን የእጅ ሙያ ያከበረ ቤት ነው። እኔ የምጠይቀው ያ አክብሮት ዕቃ ለሚለቅሙትና ለሚለዩትም እንዲደርስ ነው።

ስለዚህ ዞማም ሆነ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሌሎቹም ጋለሪዎች፣ እንዲህ ያለ ውይይት ሲያዘጋጁ አንድ ቆራሌና አንድ የምናለሽ ተራ ነጋዴ ከሠዓሊው ጎን ያስቀምጡ። ለማሟያ ሳይሆን የሠዓሊውን ያህል ይናገሩ። ውይይቱ በአማርኛ ይሁን። ከሥራ ቀርተው ስለሚመጡ የቀን ገቢያቸው ይከፈላቸው፤ በምስጋና ብቻ መሸኘት ነውር ነው። ተማሪዎችም ይምጡ። የሥዕል መምህር እንደመሆኔ፣ ልጆች ዕቃን በዓይንና በእጅ መለየትን ከእነዚህ ሰዎች ቢማሩ ምንኛ ደስ ባለኝ።

እናንተም ጋዜጠኛ ወደ ምናለሽ ተራ ላኩልን። የሰዎቹን ፎቶ ስታወጡ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ስማቸውን ከሥሩ ጻፉ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሥዕል መምህር፣ ከአዲስ አበባ