«ዴቦ» ማለት «አለብኝ» ነው፦ የስፓኒሽ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መስከረም ላይ 19 ልጆች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት እንገናኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ምን ሠራችሁ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። እፈልጋለሁ፣ ያስፈልገኛል፣ አለብኝ ማለትን ተማርን።

ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሰው ሰው አገር ሲገባ መጀመሪያ የሚቸግረው ይኸው ነው። እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። በ1970ዎቹ ወደ ኩባ ከተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነበርኩ። የወጣቶች ደሴት ላይ ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ደግሞ የግሬፕፍሩት ማሳ ውስጥ እንሠራለን። ሲጠማኝ «አጓ» ብቻ እል ነበር። «ኪዬሮ አጓ»፣ ውሃ እፈልጋለሁ፣ ብዬ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እስክናገር ሳምንታት ፈጅቶብኛል።

ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ነገር በእንግሊዝኛ በኩል ሊረዱት ይሞክሩ ነበር። ስፓኒሹን ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ብዙ ነገርም ይጠፋበታል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ በኩል አማርኛ፣ በሌላው በኩል ስፓኒሽ። በመካከል ምንም የለም።

የመጀመሪያው ቃል «ዴቦ» ነበር። «ቴ ዴቦ ዲዬስ ቢር» ብዬ ጻፍኩ። አሥር ብር አለብኝ፣ ያንተ ዕዳ አለብኝ ማለት ነው። ከሥሩ «ዴቦ ኤስቱዲያር» ብዬ ጨመርኩ። አንዷ ልጅ እጇን ሳታወጣ «ማጥናት አለብኝ!» አለች። ማንም አልነገራትም። አማርኛዋ ነው የነገራት። እኛ ዕዳንም ግዴታንም «አለብኝ» እንላለን። ስፓኒሽ ተናጋሪም ለሁለቱም «ዴቦ» ይላል። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

«ያስፈልገኛል» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ኔሴሲቶ» የሚለው ቃል ቀላል ነው፣ ቶሎ ያዙት። እኔ ግን ኩባ ውስጥ ዕለት ዕለት የምሰማውን «ሜ አሴ ፋልታ» የሚለውን አብሬ አስተማርኩ። የስፓኒሽ ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባ አነጋገር ነው፤ ባለቤቱ ሰውዬው ሳይሆን ዕቃው ነውና። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን እንግዳ አይደለም። ደብተር ያስፈልገኛል፣ «ሜ አሴ ፋልታ ኡን ኩዋዴርኖ»። ሁለት ደብተሮች ያስፈልጉኛል፣ «ሜ አሴን ፋልታ ዶስ ኩዋዴርኖስ»። ደብተሩ ሲበዛ ግሡም አብሮ ይበዛል። በሁለቱም ቋንቋ።

«ኪዬሮ» ላይ ትንሽ ተደናቀፍን። አማርኛው «እፈልጋለሁ» ሰፊ ነው። የጠፋ እርሳስም እንፈልጋለን። ስፓኒሽ ለዚህ «ቡስኮ» የሚል ሌላ ቃል አለው። በዚያ ላይ «ቴ ኪዬሮ» ማለት እወድሻለሁ፣ እወድሃለሁ ነው። ሱቅ ስንጫወት ደግሞ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ባለሱቁን ‹ስኳር እፈልጋለሁ› አንለውም እኮ፣ ‹ስኳር ፈልጌ ነበር› ነው የምንለው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስፓኒሽም «ኬሪያ» ይላል፣ ፈልጌ ነበር። ያለፈውን ጊዜ ለትሕትና መጠቀም የሁለታችንም ልማድ ነው።

ከሁሉም የከበደን «ቴንጎ ኬ» ነው። ይህም አለብኝ ማለት ነው፤ በዕለት ንግግር ደግሞ ከ«ዴቦ» ይበልጥ የሚሰማው እሱ ነው። ልጆቹ መሄድ አለብኝ ለማለት «ኬ»ን እየረሱ «ቴንጎ ኢር» ይሉ ነበር። ስንነግራቸው ደግሞ በሁሉም ቦታ «ኬ» ማስገባት ጀመሩ፣ «ኔሴሲቶ ኬ ኢር» እስከ ማለት ድረስ። መፍትሔው ጨዋታ ሆነ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቃል በካርቶን ይዞ ይቆማል። «ኬ»ን የያዘው ልጅ «ቴንጎ» ሲመጣ ሮጦ ከጎኑ ይቆማል። «ዴቦ» ወይም «ኔሴሲቶ» ከመጣ ቁጭ ይላል። በሁለት ሳምንት ስሕተቱ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ከታኅሣሥ ጀምሮ በየሳምንቱ ሦስት ዓረፍተ ነገር በብጣሽ ወረቀት ያመጡልኝ ነበር። አንድ ፍላጎት፣ አንድ የሚያስፈልግ ነገር፣ አንድ ግዴታ። ወረቀቶቹን ሁሉ አስቀምጫቸዋለሁ። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ለሦስት ሳምንት «መተኛት እፈልጋለሁ፣ መተኛት ያስፈልገኛል፣ ሳህን ማጠብ አለብኝ» ብሎ ጻፈ። ሁልጊዜ ዘግይታ የምትመጣ አንዲት ልጅ ደግሞ «ቴንጎ ኬ ኩይዳር ኣ ሚ ኤርማኖ» ብላ ጻፈች። ወንድሜን መጠበቅ አለብኝ። በአማርኛ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፣ እሷም ነግራኝ አታውቅም። በሚቀጥለው ሐሙስ ይዘሽው ነይ አልኳት። ትንሹ ወንድሟ ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥዕል ይሥል ነበር። አሁን በስፓኒሽ እስከ 20 ይቆጥራል።

የካቲት ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። ለቅዳሜ የድራማ ልምምድ ሰሌዳው ላይ «ኖ ቲዬኔን ኬ ቬኒር» ብዬ ጽፌ ነበር። ግዴታ የለባችሁም፣ የፈለገ ይምጣ ማለቴ ነው። ልጆቹ ቃል በቃል «መምጣት የለባችሁም» ብለው ተረጎሙት፣ ማንም አልመጣም። አማርኛችን እዚህ ላይ ክልከላ ይመስላል። ስፓኒሽ ክልከላ ሲሆን «ኖ ዴቤን ቬኒር» ይላል። ሰኞ ዕለት ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍን። ለሚቀጥለው ዓመት ጀማሪዎች ይህን ገና በጥቅምት አስተምራለሁ።

ሚያዝያ 15 በተባበሩት መንግሥታት የስፓኒሽ ቋንቋ ቀን ነው። በዚያ ሳምንት ቸርችል ጎዳና ወዳለው የትግላችን ሐውልት ሄድን። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ከእኛ ወታደሮች ጋር የወደቁ ኩባውያን የሚታወሱበት ቦታ ነው። ልጆቹ ምስሎቹን እያዩ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ «ቲቸር፣ ፈልገው ነው የመጡት ወይስ ነበረባቸው?» አለኝ። ጥያቄውን በስፓኒሽ ለመጠየቅ ሞከረ፣ ግን ያለፈ ጊዜ አላስተማርኳቸውም። ሐሙስ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት፦ «ኬሪያን ቬኒር ኦ ቴኒያን ኬ ቬኒር?» ለቀሪው ዓመት ያልታቀደውን ያለፈ ጊዜ ተማርን። ሁሉም በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ዓመቱን 16 ልጆች ጨርሰዋል። ለሚቀጥለው ዓመት «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» ማለትን እንጀምራለን፣ «ኪዬሮ ኬ ቬንጋስ»። ስፓኒሽ «መምጣት» እና «እንድትመጣ» እንደሚለያዩት ሁሉ ይለያል፣ ስለዚህ አልፈራም።

ለቤተ መጻሕፍቱ ክፍል፦ በጥር የተዋስናቸው ሁለት መዝገበ ቃላት እስከ ሰኔ 20 ይመለሳሉ። ልጆቹ የመመለሻ ወረቀቱን ራሳቸው ጽፈዋል። «ዴቤሞስ ዶስ ዲክሲዮናሪዮስ።» ሁለት መዝገበ ቃላት አለብን።