ኮርኒሱን አታስነሺ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ትንሿን ሳሚልኝ ብላለች።

ትናንት በስልክ «ኮርኒሳችን ላይ አይጥ ትሮጣለች» ብለሽ ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። የከነከነችኝ አይጧ አይደለችም። በሐምሌ ዝናብና ብርድ አይጥ ቤት ባትገባ ነበር የሚገርመኝ። «ቺፑዱን በሙሉ አንስተን አዲስ እንምታው» ያለሽ ሠራተኛ ነው ያናደደኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ብርሽን ትጨርሻለሽ፣ እሷ ደግሞ አዲሱ ኮርኒስ ላይ መሮጧን ትቀጥላለች። መግቢያዋ እዚያ አይደለማ!

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአናጺነት ነው። አቡጀዲ ወጥሬያለሁ፣ ማዳበሪያ ሰፍቼ ኮርኒስ አድርጌያለሁ፣ ቺፑድ መትቻለሁ። እንደ አንቺ ባለ የጭቃ ቤት ላይ አይጥ ብዙ ጊዜ የምትገባው ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮው በሚጀምርበት ቦታ ነው። ቆርቆሮው ሞገድ አለው፣ ግድግዳው ግን ቀጥ ያለ ነው። በየሞገዱ ሥር ክፍተት ይቀራል። ለትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበቃታል፤ እርሳስ ካሾለከ እሷም ትሾልካለች።

ስለዚህ ዝናቡ ጋብ ሲል ቤቱን በውጭ በኩል ዙሪው። ከጣሪያው ሥር፣ የመብራት ገመድ የሚገባበትን፣ የውኃ ቱቦ የሚያልፍበትን፣ የጓሮ በሩን ሥር እዪ። የምትመላለስበት ጠርዝ ከሰውነቷ ቅባትና እድፍ የተነሣ ይጠቁራል። የጎረቤት ዛፍ ቅርንጫፉ ቆርቆሮሽን የሚነካ ከሆነ አስፈቅደሽ አስቆርጪው።

ትንንሹን ቀዳዳ ድስት በምትፈትጊበት ሽቦ ጠቅጥቂና በላዩ ሲሚንቶ አስለስኚበት። ሰፋ ያለው ላይ ዓይኑ ደቃቅ የሆነ የሽቦ ወንፊት ይመታበት። ጨርቅና ፎም እንዳትሞክሪ። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ መፋቅ ግዴታዋ ነው፤ በአንድ ሌሊት በልታው ትገባለች።

ውስጥ የቀሩትን ደግሞ በዚያው ሳምንት በወጥመድ ያዣቸው። ሁለት ገድዬ ተገላገልኩ አትበዪ። እርግዝናዋ 20 ቀን ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት ትወልዳለች፣ ልጆቿም በ6 ሳምንታቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። የብረት ወጥመድ ብዙ ግዢ። ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው፤ ወጥመዱን መሐል ላይ ሳይሆን ግድግዳውን አስጠግተሽ፣ ማባበያው ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሪው። የለውዝ ቅቤ ጥሩ ነው። ቋንጣ ካደረግሽ በክር እሰሪው፤ አለዚያ ቀምታሽ ትሄዳለች። ሙጫው ይቅርብሽ። ሌሊቱን ሙሉ ተጣብቃ ስትጮኽ መስማት ለእናንተም ለእሷም ስቃይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። መርዝ ቤትሽ እንዳይገባ። በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ እየጮኹ የሚሸጡት፣ ስሙ ያልተጻፈበት ላስቲክ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ጠቆር ያለ የዚንክ ፎስፋይድ ዱቄት ከሆነ፣ ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይሆናል፤ ማርከሻም የለውም። ለእህል የሚሸጠው የነቀዝ ኪኒንማ ከነጭራሹ ከምትተኙበት ጣሪያ ላይ አይወጣም። ጋዙ ወደ ክፍሉ ይወርዳል፣ ቤተሰብ ይጨርሳል። ቀስ ብሎ የሚገድለው ዓይነት ደግሞ ደሟ እንዳይረጋ ነው የሚያደርገው። ቀናት ይፈጅና የማይደረስበት ሥርቻ ገብታ ትሞታለች፣ ሽታውን ቻይው እንግዲህ። ድመትሽም እሷን በልታ ልትመረዝ ትችላለች። ትንሿ ገና ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ በምትከትበት ዕድሜ ላይ ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?

(ስለ ድመት ካነሣን፣ ድመት ማሳደግሽ ደስ ብሎኛል። ግን ኮርኒስ ላይ ያለችውን ከታች ሆና ከማዳመጥ በቀር ምን ታደርጋለች?)

ባለቤትሽ ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፋ። የተላጠ ሽቦ ካየ በእጁ ሳይነካ ኤሌክትሪሺያን ይጥራ፤ አይጥ የበላችው ገመድ እሳት ያስነሣል። የሚረግጠውም ሞራሌውን ብቻ ነው። ቺፑዱን ከረገጠ እግሩ ሳሎናችሁ ውስጥ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ያ ሠራተኛ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ኩሱን በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ አንድ እጅ በረኪና በዐሥር እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርሱትና አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ አንስታችሁ፣ በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት። ጤፉንና ሽሮውን ከማዳበሪያ አውጥተሽ ክዳኑ ጥብቅ ወዳለ በርሜል ገልብጪው።

ለዚያ ሠራተኛ «አባቴ ይመጣል» በይው፣ ቀብድም እንዳትሰጪው። ፍልሰታ ሲፈታ ከነመሣሪያዬ እመጣለሁ። እስከዚያ የጣሪያውን ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሺና በወንድምሽ ቴሌግራም ላኪልኝ፤ ስንት ሜትር የሽቦ ወንፊት እንደምገዛ ልይ። መሰላል ከጎረቤት ተዋሺ፣ የእኔን አውቶብስ ላይ አያስጭኑኝም።

አባትሽ