ግልጽ ደብዳቤ፦ የመሥሪያ ቤቶቻችን ኢሜይል ማህተም ይኑረው

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር
ለደሴ ከተማ አስተዳደር
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኢሜይል እንዳይጭበረበርና በመንገድ ላይ እንዳይነበብ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ ኮምፒዩተርና ኔትወርክ ነው። የጥቂት ነጋዴዎችን፣ የአንድ ማተሚያ ቤትንና የሁለት ትራንዚተሮችን የኢሜይል ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይል የሚልክላቸውንና የሚቀበልላቸውን ኮምፒዩተር፣ የምከታተለው እኔ ነኝ። ደረቅ ወደቡም ኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚህ ናቸው። ስለዚህ በከተማችን ዕቃ የሚጠየቀው፣ ዋጋ የሚቀርበው፣ ክፍያ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ በኢሜይል ሆኗል። በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ ብዙ የወረቀት ፋይል ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼ ሰነዳቸውን ሁሉ ኢሜይላቸው ውስጥ ማስቀመጥ ለምደዋል።

ባለፈው ዓመት ከነሱ በአንዱ ላይ የደረሰውን ላስቀድም። ጠዋት ኢሜይል ይመጣለታል። የላኪው አድራሻ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ የተጻጻፈበት አድራሻ ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለም፣ አንድ ፊደል አልተጨመረም። አርማው አለ። የደብዳቤ ቁጥሩ አለ። የአገልግሎት ክፍያ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ ተቀይሯልና በአዲሱ ክፈሉ ይላል። ዕቃው ወደብ ላይ ቆሟል፣ የቆመ ዕቃ ደግሞ በየቀኑ ያስከፍላል። ከፈለ። በሁለተኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ «እኛ ምንም አልላክንም» አሉት። እውነታቸውን ነበር። የሄደው ገንዘብ የሰባት ሠራተኞቹ የሦስት ወር ደሞዝ ነው።

ደውሎ ሲነግረኝ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። የኢሜይሉን ሄደር ከፈትኩት። ሄደር ማለት ኢሜይሉ በየትኞቹ ሰርቨሮች በኩል እንዳለፈ የተመዘገበበት፣ ብዙ ሰው ከፍቶ የማያየው ክፍል ነው። ኢሜይሉ የተነሳው መሥሪያ ቤቱ ከማያውቀው፣ ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ነው። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን ዶሜን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ላይ ከ@ በኋላ ያለውን ስም፣ በዲኤንኤስ ጠየቅኩ። ዲኤንኤስ ስለ እያንዳንዱ ዶሜን ለሁሉም የሚታይ መረጃ የሚጻፍበት የኢንተርኔት መዝገብ ነው። በዚህ ስም ኢሜይል እንዲልክ የተፈቀደለት ሰርቨር የትኛው ነው? ምንም አልተጻፈም። በስሜ የሐሰት ኢሜይል ከመጣ እንዲህ አድርጉት የሚል መመሪያስ? እሱም የለም። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በፊት በእውነት የላከለትን ኢሜይሎች ደግሞ አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዱም ላይ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ የለበትም።

የኔ ሰርቨር ያንን የሐሰት ኢሜይል ለምን ተቀበለ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ደንበኛዬም ጠይቆኛል። መልሱ አጭር ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚያመሳክርበት ነገር አልነበረውም።

ክቡራን፣ በአገራችን ማህተም የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ ተብሎ አይቆጠርም። ክብ ማህተም፣ ቲተር፣ ፊርማ፣ ቁጥርና ቀን ካልተሟሉ መዝገብ ቤት ይመልሰዋል። እኔ ራሴ ማህተሙ ደብዝዟል ተብዬ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ድረስ ሄጄ አስመትቼ መጥቻለሁ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ልክ ነበሩ እላለሁ። ያ ጥንቃቄ ኢሜይል ላይ ሲደርስ የት ጠፋ? በወረቀት ሲሆን ማህተሙ ለምን ደበዘዘ የምንል ሰዎች፣ በኢሜይል ሲሆን ማንም በማንም ስም የጻፈውን እንቀበላለን።

ችግሩ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኔትወርኩን የሚጠቀሙት ጥቂት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ይተማመኑ ነበር። ስለዚህ ደንቡ ላኪውን ማንነትህን አረጋግጥ አይለውም። ላኪው የፈለገውን ስም ይጽፋል፣ ተቀባዩ ያምነዋል። መፍትሔዎቹ በኋላ ተጨመሩ። ሁሉም ዛሬ አሉ፣ ሁሉም በነጻ ናቸው። ጠፍቶ ያለው እዚህ አምጥቶ የሚተክላቸው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ይባላል። መሥሪያ ቤቱ በዶሜኑ ዲኤንኤስ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፦ በእኔ ስም ኢሜይል የሚልኩት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኤስፒኤፍ ካስገባን በቃን የሚሉ ባለሙያዎች ስለሚያጋጥሙኝ ነው። ኢሜይል ሁለት የላኪ ስም አለው። አንዱ ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲቀባበሉ የሚያዩት ነው፤ ፖስታው ላይ እንደተጻፈ አድራሻ ቁጠሩት። ሁለተኛው እኔና እናንተ ስክሪን ላይ የምናየው ነው። ኤስፒኤፍ የሚመረምረው የፖስታውን ብቻ ነው። አጭበርባሪው ፖስታው ላይ የራሱን ዶሜን ጽፎ፣ ውስጥ የእናንተን ስም ቢያደርግ፣ ኤስፒኤፍ ችግር የለም ብሎ ያሳልፈዋል።

ሁለተኛው ዲኪም ነው። ማህተም የምለው ይኼንን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር በሚስጥር በያዘው ቁልፍ እያንዳንዱን ወጪ ኢሜይል ይፈርማል። የዚያ ቁልፍ ጥንድ ለሁሉም ይታይ ዘንድ ዲኤንኤስ ላይ ይቀመጣል። ተቀባዩ ሰርቨር በእሱ ፊርማውን ያመሳክራል። በመንገድ ላይ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን አንድ አሃዝ ብትቀይሩ ፊርማው ይፈርሳል። የወረቀቱ ማህተም ይኼን አያደርግም፤ ማህተም ከተመታ በኋላ በተገኘ ክፍት ቦታ ላይ ሰው ሊጽፍ ይችላል።

ሦስተኛው ዲማርክ ነው። ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ለእሱ ነው። ዲማርክ ስክሪን ላይ የሚታየው ስም በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ከተረጋገጠው ዶሜን ጋር መግጠሙን ያያል። ካልገጠመ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን የሚወስነው የዶሜኑ ባለቤት ነው። ሦስት ምርጫ አለ። ዝም ብለህ አሳልፍ፣ ስፓም (የአይፈለጌ መልእክት ሳጥን) ውስጥ ክተት፣ ወይም ጭራሽ አትቀበል። ደንበኛዬ በስሙ የተጭበረበረበት ዶሜን ሦስተኛውን መርጦ ቢሆን ኖሮ፣ የኔ ሰርቨር ያንን ኢሜይል በር ላይ ይመልሰው ነበር። ደንበኛዬም አያየውም ነበር።

በአንድ ቀን «አትቀበል» በሉ አልላችሁም። ያ ራሱ ጉዳት አለው። አንድ መሥሪያ ቤት ኢሜይል የሚወጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ይመስለዋል። ሲጣራ የፋይናንስ ክፍሉ ሶፍትዌር ለብቻው ይልካል፣ ድረ ገጹ ለብቻው ይልካል፣ ቅርንጫፉ ሌላ ሰርቨር አለው። እነዚህ ሳይመዘገቡ በሩ ከተዘጋ የራሳቸው ደብዳቤ ይመለሳል። ስለዚህ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ምርጫ ነው። እነ ጂሜይል በየቀኑ ሪፖርት ይልካሉ፦ በስማችሁ ከዚህ ከዚህ አድራሻ ይኼን ያህል ኢሜይል መጣ ብለው። ሪፖርቱ ለጥቂት ሳምንታት ይነበባል፣ የጎደለው ይስተካከላል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ይታለፋል። እኔ ለማተሚያ ቤቱ ስሠራ ሁለት ወር ወሰደብኝ። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያውን አስገብተው ይረሱታል። ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው የለም። ያ ደግሞ ዘበኛ ቀጥሮ ማንንም አትከልክል እንደ ማለት ነው።

ኢሜይሉ ያልተፈረመ መሥሪያ ቤት ሌላም ነገር ይደርስበታል። እውነተኛ ደብዳቤው ይጠፋል። ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይጠይቃሉ። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁለቱንም፣ በላዩም ዲማርክ ሊኖረው ግድ ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የዕለት ኢሜይላቸውን ስልካቸው ላይ በጂሜይል ነው የሚያነቡት። ፕሮፎርማ አቅርቡ የሚል ደብዳቤ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተልኮላቸው ስፓም ውስጥ ገባ። ያገኙት ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። ላኪው ልኬያለሁ ይላል፣ እሳቸው አልደረሰኝም ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ሥራው ግን ለሌላ ሄደ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ማህተሙ ነው። ስለ ፖስታው መታሸግም ልበል። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ወደዚያ የተላከ ኢሜይል ግን ሰርቨሮቹ ባሕር ማዶ ከሆኑ ባሕር ማዶ ደርሶ ይመለሳል። ውስጡ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የፓስፖርት ኮፒ አለ። በአንዳንድ ብሮውዘር ላይ የምናያት የቁልፍ ምልክት የምትጠብቀው ከእኛ እስከ ራሳችን ሰርቨር ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ያለው ሌላ መንገድ ነው። እዚያ ላይ ስታርት ቲኤልኤስ የሚባል አሠራር አለ። ላኪው ሰርቨር ከተቀባዩ ጋር ይገናኛል፤ ተቀባዩ ምስጠራ እችላለሁ ካለ መስመሩ ይመሰጠራል፤ መሐል ላይ ያለ ሰው ሊያነበው አይችልም። ካላለ ደብዳቤው እንዲሁ በግልጽ ይሄዳል። ያቺ «እችላለሁ» የምትለው ቃል ራሷ የምታልፈው በግልጽ ነው። መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው ቢሰርዛት ላኪው አያውቅም፣ ሳይመሰጥር ይልካል።

ይኼንን የሚዘጋው ኤምቲኤ-ኤስቲኤስ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ። መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጹ ላይ አንዲት ትንሽ ፋይል፣ ዲኤንኤሱ ላይ አንድ መስመር ያስቀምጣል። ወደ እኔ የሚመጣ ኢሜይል ተመስጥሮ፣ ሰርቨሬም በትክክለኛ ሰርተፍኬት ተረጋግጦ ካልሆነ አታድርሱ ይላል። ጂሜይልን የመሳሰሉ ትልልቅ ላኪዎች ያከብሩታል። ሰርተፍኬቱን፣ ማለትም የሰርቨሩን የማንነት ማረጋገጫ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት በነጻ ይሰጣል። ዴን የሚባል ሌላ ጠንካራ መንገድም አለ፤ እሱ ግን ዲኤንኤሱ ራሱ ዲኤንኤስሴክ በሚባል አሠራር መፈረም አለበት ስለሚል፣ መጀመሪያ ቀላሉን እንያዝ ባይ ነኝ።

ሕጉ አለን። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጭበርባሪውን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጋን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዛል። ቴክኒኩን በቀን ቆርጦ የሚያዝ መመሪያ ነው የምጠይቃችሁ። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር በኦክቶበር 2017 እ.ኤ.አ. ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ትእዛዝ አውጥቷል። በ90 ቀን ውስጥ ስታርት ቲኤልኤስና የመጀመሪያውን የዲማርክ ደረጃ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ «አትቀበል» የሚለውን እንዲያስገቡ ነበር ያዘዘው። እኛም ለመሥሪያ ቤቶቻችን እንዲህ ያለ ቀን እንቁረጥላቸው። ኢሜይል የማይልክ ዶሜን ያለው መሥሪያ ቤትም ይካተት። ለእሱ ሥራው ይቀላል፤ በእኔ ስም ማንም አይልክም ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። በነጻ የጂሜይልና የያሁ አድራሻ የሚሠሩ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ዶሜን ይሰጣቸው። የጽሕፈት ቤቱን ስም በትንሹ ለውጦ ተመሳሳይ አድራሻ መክፈት ለማንም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነውና።

ይኼ ሁሉ ቢደረግም ሌባ አይጠፋም። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይዞ ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ሳጥን የሚልከውን ዲማርክ አይዘውም። በአንዲት ፊደል የሚለይ ዶሜን የሚገዛውንም አይዘውም። የባንክ ሂሳብ ተቀየረ የሚል ኢሜይል ሲመጣ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይቀጥላል። ደንበኞቼንም እንዲህ ነው የምላቸው።

አንድ ሐሳብ ላቅርብና ልጨርስ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ጀምሩ። ሁለት ከተማ ነው፤ የዶሜኖቹ ብዛት ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ኮምቦልቻ አለ። የዲማርክ ሪፖርት ማንበብ ለተማሪዎቹ ጥሩ የተግባር ትምህርት ይሆናቸዋል፤ መሥሪያ ቤቶቹም አንባቢ ያገኛሉ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ እመጣለሁ። ለማተሚያ ቤቱ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ አለኝ፤ የትኛው መስመር እንዳሳሳተኝ፣ ምን እንደረሳሁ ሁሉ ተጽፏል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ
ኮምቦልቻ