ሆዱ የተዛባ ማሰሮ፦ የሥነ ጥበብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በወላጆች ቀን ጠረጴዛችንን ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነጭ ማሰሮ ብቻ ነበር፤ እሱም ያዘመመ። «ሌላውን ገና አላመጣችሁም እንዴ?» ያሉን ብዙ ናቸው። አንድ ወላጅ ደግሞ «ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠፋው ለዚህ ነው?» አሉኝ። በቀልድ ነው። ቢሆንም ከነከነኝ፤ እዚህ ልመልስ።

ዓመቱን ሙሉ የያዝነው የኮሪያን ጥበብ ነው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተበትን አገር ልጆቻችን የሚያውቁት በጦርነቱና በድራማው ብቻ መሆኑ አይዋጥልኝም።

የጀመርነው «የጨረቃ ማሰሮ» ከሚባለው ነው። ጆሶን የሚባሉት ነገሥታት ኮሪያን በገዙበት ዘመን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮና በ18ኛው የተሠራ ነጭ የፖርሲሊን ማሰሮ ነው። ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው። ያን የሚያህል ነገር በአንዴ ላቁም ቢሉት ጭቃው በገዛ ክብደቱ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሠርተው አፍ ለአፍ ይገጥሟቸዋል። እሳት ሲገባ ሆዱ ላይ ትንሽ ይዛባል። ኮሪያውያኑ የሚወዱት ታዲያ ያንኑ መዛባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ እሳቱ የነደደበት ዕቃ ቅርጹ የተወሰደው ከዚሁ ማሰሮ ነው።

ከሕንፃ ደግሞ አንዶንግ ውስጥ ያለውን የብዮንግሳን ጥንታዊ ትምህርት ቤት በፎቶ አየን። ማንዴሩ የሚባል ግድግዳ የሌለው ሰገነት አለው። ከሥር የተሸከሙት ምሰሶዎች እንደበቀሉ የተተከሉ ጎባጣ ግንዶች ናቸው። ላይ ሲወጡ በቋሚዎቹ መሀል ወንዙና ተራራው ይታያል። ባዶ የተተወው ለዚያ ነው። «ቲቸር፣ የኛም ክፍል መስኮት የለውም» ያለኝ ልጅ አለ። አልመለስኩለትም።

የሐሙስ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ናቸው፤ ቃለ ጉባኤው ማስተባበሪያ ቢሮ አለ።

ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ የሄድንበትን ቅዳሜ ግን እንዲሁ አላልፈውም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አለችን። ስትስል ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ የምትፈገፍግ ናት። የጨረቃውን ማሰሮ ፎቶ በስልኳ ለአንዲት እናት አሳየቻቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ስልኩን አስጠግተው አዩት። «ይሄ ሁለት ሆኖ ተሠርቶ ነው የተጣበቀው» አሉ። ማንም አልነገራቸውም።

«እማማ፣ እንዴት አወቁ?»

«ሆዱ ላይ ይታያልኮ፣ ልጄ።»

እኔ ይህን ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጅቻለሁ!

«ታዲያ ለምን አላስተካከሉትም?» ብላ ጠየቀች። «እኔ ብሆን አስተካክለው ነበር» አሉ ሴትየዋ ሳቅ ብለው፣ «የሚሸጥ ዕቃ ነዋ!» ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ተከራከሩ። ገሚሱ ከእማማ ጋር፣ ገሚሱ ከኮሪያ ጋር።

ከዚያ በኋላ አምስት ማሰሮ ሞከርን። ሦስቱ ሳይደርቁ ወደቁ፤ አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። የተረፈው የልጅቷ ነው። ነጭ ጭቃ ስለሌለን ኖራ ቀባነው። መጋጠሚያውን እርጥብ ጨርቅ ይዛ ብዙ ቆየችበት፤ ኋላ ጨርቁን አስቀምጣ ወጣች። ላጲስ ሳትይዝ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

በዓመቱ ለክበባችን የተሰጠን አንድ ደርዘን እርሳስና አንድ ጥቅል ወረቀት ነው። ጠረጴዛውን ባዶ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። የቁም ሳጥናችን ባዶነት ግን ከኮሪያ የመጣ አይደለም። ማቃጠያ ምድጃ የለንም፤ ማሰሮውን ያስተኮስነው በሰው ምድጃ ነው። የወላጅ ኮሚቴው ለቀጣዩ ዓመት አንዲት ትንሽ ምድጃ ቢያስብልን፣ አምስት ሠርተን አራት አንጥልም። ግፋ ቢል ሁለት።

ማሰሮው አሁን ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ነው። ጠዋት ሲጸዳ ያዘመመው ጎኑ ወደ ግድግዳ ይዞራል። በእረፍት ሰዓት ልጅቷ መጥታ ትመልሰዋለች።