ዋጋውን እዚያው ጻፉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኦንላይን ንግድ በተጻፈ ቁጥር የሚነሱት ትልልቆቹ ናቸው። ባንኩ፣ አየር መንገዱ፣ ቴሌው። እኔ ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እሸጣለሁ። ሱቄ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛዋ ደጅ ቆማ የምትጠብቅበት ነው። ስልኬ ግን ሜሪላንድም ዱባይም ይደርሳል። ስለ እኛ ዓይነቱ ነጋዴ ጥቂት ልበል።

መጀመሪያ ጥቅሙን። የእኛ ገበያ የወቅት ገበያ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ሰው ይጋፋል። ጥር የሰርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቁጭ ብሎ ዝንብ እሽ ማለት ነው። ሸማኔው ግን በክረምትም ልጆቹን ያበላል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ልጆቻችን የሚያገቡት በእነሱ በጋ ነው፤ ያ ማለት በእኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ። ለሙሽራዋ፣ ለሚዜዎቹ፣ ለእናትየው ልብስ ይታዘዛል። ጥለት የሚሠራልኝ የጋሞ ሰው ነው፤ ሽመናን ከአባቱ የያዘ። ድሮ ክረምቱን ሥራ ፈትቶ ያሳልፍ ነበር። አሁን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የሚዜ ልብስ ይሠራል። ይህ ሥራ በስልክ ባይመጣ በእግሩ አይመጣም ነበር።

ታዲያ መሣሪያው ሁላችንም እጅ ካለ ምን ጎደለን? እኔ እንደማየው፣ ዋጋ።

ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ የሰፈራችንን ልብስ ፈልጉ። ፎቶው ያምራል። ልጅቷ ታምራለች። ዘፈኑም አለ። ዋጋው የለም። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። ገዢዋ ትጽፋለች፤ «ሰላም፣ ስንት ነው?» ሻጩ ደንበኛ ይዟል፤ ወይ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቷል። ማታ «ሰላም ውዴ» ብሎ ሲመልስ እሷ ከሌላ ገዝታለች። ሌላው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅም። ዋጋ ጠይቆ «ውድ ነው» ማለት ያሳፍረዋል። ዝም ብሎ ያልፋል።

ለምን እንደምንደብቅ አውቃለሁ፤ ነጋዴ ነኝ። አንዱ ምክንያት «ጎረቤት አይቶ ዋጋ ይሰብርብኛል» የሚለው ነው። ጎረቤቴ ዋጋዬን ለማወቅ ቴሌግራም አያስፈልጋትም። ሰው ልካ ታስጠይቃለች። እኔም እልካለሁ። ሌላው የዲያስፖራ ዋጋ የሚባለው ነው። ከውጭ የጻፈ ሰው ላይ እጥፍ መጥራት። ሜሪላንድ ያለችው ሴት እኮ እዚህ ኮተቤ እህት አላት! እህትየዋ አንድ ቀን ሱቅ ትገባና ነገሩ ያበቃል። ያቺ ደንበኛ ብቻ ሳትሆን መላው የቤተክርስቲያን ጓደኞቿ ጠፉ ማለት ነው።

የክር ዋጋ አይረጋም የሚሉም አሉ። ይህ እውነት ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ቆርጦ መናገር ከብዷል። ግን ቻናል ላይ የተለጠፈን ጽሑፍ ማረም ይቻላል። እኔ ከዋጋው ሥር «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። እስካሁን የተጣላኝ የለም።

የግብሩ ፍርሃት ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ አላቃልለውም። የ2009ኙን የቀን ገቢ ግምት የረሳ ነጋዴ የለም። «ዋጋ ከጻፍኩ ገቢዎች አይቶ ይገምትብኛል» ይላሉ። ግን የአንድ ቀሚስ ዋጋ በቀን ስንት ቀሚስ እንደሸጥኩ አይናገርም። ደግሞም ሕጉ ራሱ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሱቁ በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል። ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበትን ስልክ ላይ መደበቅ ምን ይባላል?

የእኔ ፖስት እንዲህ ነው። «ነጠላ፣ የእጅ ሽመና፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ፣ 3,200 ብር። አንድ ብቻ ነው ያለው።» ሲሸጥ «ተሽጧል» ብዬ አስተካክላለሁ። አላጠፋውም፤ የተሸጠውን አይታ «እንደዚህ ያለ ሥሪልኝ» የምትል አትጠፋም። አሁን የሚጽፍልኝ ሰው «ስንት ነው» አይልም። «ቁመቱ ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?» ነው የሚለው። ይህ ሊገዛ የቆረጠ ሰው ነው።

ስለ ቁመት ካነሳሁ አንድ ነገር። ከአሜሪካ ወገቤ 36 ነው የምትል ሴት በኢንች ነው የምታወራው። በሴንቲ 91 ገደማ ነው። ልብስ ሰፊው በሴንቲ ይለካል። ስለዚህ ልኬት ስቀበል ሜትሩን ወገቧ ላይ አድርጋ ፎቶ እንድትልክልኝ እጠይቃለሁ። ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት። ቁመቱን በምትለብሰው ጫማ እንድትለካ እነግራታለሁ። ያለ ተረከዝ ለክታ በተረከዝ የምትለብስ ሙሽራ ቀሚሷ ሽቅብ ይሄድባታል።

ፎቶውን ደግሞ በሱቅ አምፖል አታንሱ። ነጩ ጥጥ ሰማያዊ ይመስላል፣ ቀዩ ጥለት ብርቱካን ይመስላል። ጠዋት ደጅ አውጥቶ ጥላ ሥር ማንሳት ነው። ከዚያ ጥለቱን መገልበጥ። የእጅ ሽመና ከጀርባው ክሩ ሲሄድ ይታያል። የታተመ ጨርቅ ከሆነ ጀርባው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው። እኔ ይህን ስገለብጥ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከየልብሱ ጋር እለጥፋለሁ። «ኦርጅናል ነው» ብሎ መማል ቀረልኝ።

ጉግል ማፕ ላይ ሱቅን ማስመዝገብ በነፃ ነው። ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ የሱቁ በር ፎቶ ይገባል። «ከታክሲው ወርደሽ፣ ግራ ታጥፈሽ፣ ሦስተኛው ረድፍ» እያሉ በቀን መቶ ጊዜ ማስረዳት ይቀራል። በበዓል ሰሞን ሰዓቱን ማስተካከል አይረሳ።

ክፍያው ላይ ግን ልንነቃ ይገባል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ በኋላ ብዙ ቀሎልናል፤ እውነቱን መናገር ነው። አጭበርባሪውም አብሮ መጣ። ብር ልኬያለሁ ብሎ የተቀናበረ ስክሪንሾት የሚልክ አለ። ፎቶ አይታመንም። በራስ ስልክ የገባውን መልእክት አይቶ፣ ቀሪ ሂሳብን አይቶ፣ ከዚያ ነው ዕቃውን ለሚያደርሰው ሞተረኛ መስጠት። ሞተረኛው ደጅ ቆሞ ቢያጣድፍም ያጣድፍ።

ከሁሉ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በሰፈራችን ብዙ ቻናል የተከፈተው በሠራተኛዋ ስልክ ነው። ልጅቷ ፈጣን ናት፣ ቲክቶክም ታውቃለች፤ «አንቺው ክፈቺው» ትባላለች። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ትለፋበታለች። አንድ ቀን ደሞዝ ላይ ሳይስማሙ ትወጣለች። ቻናሉም፣ ተከታዩም፣ ፎቶውም አብሯት ይሄዳል። በእሷ አልፈርድም፤ በራሷ ቁጥር ራሷ የሠራችው ነው። ባለሱቋ ግን ከዜሮ ትጀምራለች። ቻናል በሱቁ ሲም ይከፈት። ለልጅቷ የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ይሰጣት፣ ለዚህ ሥራዋም ይከፈላት። ቀድሞ በሷ ስም የተከፈተ ካለ በሰላሙ ጊዜ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል። ቴሌግራም ለዚህ የባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከሚላከው ኮድ ሌላ ተጨማሪ ማለፊያ ቃል፣ ይፈልጋል፣ እሱም ከበራ ከሳምንት በላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ ከተጣሉ በኋላ አይሆንም።

የድረ ገጹም ነገር ከዚህ አይለይም። ጎረቤቴን አንድ ሰው ጥሩ ገንዘብ ተቀብሎ ዌብሳይት ሠራላት። ያምራል። የድረ ገጹን አድራሻ ግን ያስመዘገበው በራሱ ስም ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ስልክ አያነሳም፣ ገጹም ጠፋ። ዌብሳይት አያስፈልግም አልልም። የውጭ ደንበኛ ሲበዛ ያስፈልጋል። ግን አድራሻው በባለሱቁ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፣ ማለፊያ ቃሉም እሱ ጋ ይሁን። ገና ዋጋ መጻፍ ያልጀመረ ሱቅ ደግሞ ለዌብሳይት አይቸኩል።

ደብተርም ይኑረን። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩትዩብ ተዘግተው እንደነበር እናስታውሳለን። ፋሲካው በመሀል ዋለ። ያለ ቪፒኤን፣ እገዳውን ከሚያልፈው መተግበሪያ ማለቴ ነው፣ ደንበኛ ቻናል አያይም ነበር። የደንበኛ ስም፣ ስልክና ልኬት በደብተር የያዘ ሰው በአጭር መልእክት ጠራቸው፤ መጡም። ያልያዘው ፋሲካን እንደ ክረምት አሳለፈው። እኔ ዛሬም የሁሉንም ልኬት በእጅ ጽፌ አስቀምጣለሁ። የእህቴ ልጅ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

አሁን ለሚመለከታቸው አንድ ጥያቄ አለኝ። በየወረዳው ለአነስተኛ ነጋዴ ሥልጠና ይሰጣል። ወንበር ላይ ተደርድረን ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ በስላይድ እንሰማለን። ቡና እንጠጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። ስልኩን ከኪሱ ያወጣ ሰው አላየሁም። ለምን አሠልጣኙ ሱቃችን አይመጣም? አንድ ረድፍ በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል። እያንዳንዱን ሱቅ ማፕ ላይ ያስገባል፣ የቻናሉን ባለቤትነት ያስተካክላል፣ አምስት ልብስ ከነዋጋው አብሮ ይለጥፋል። ገቢዎችም አንድ ሰው ይላክና፣ ኦንላይን የተለጠፈ ዋጋ ለግምት ይውላል ወይስ አይውልም፣ ቁርጡን ይንገረን። ያ አንድ መልስ ከአስር ሥልጠና ይልቅ ብዙ ዋጋ ያስጽፋል ብዬ አምናለሁ።

ጋዜጠኛ ልካችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን፤ ቅዳሜ ከመጣ ግን ነጠላ ሳይገዛ አልለቀውም። ዋጋው ቻናሉ ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር
የሀገር ልብስ ነጋዴ
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ