ዝርዝርሽን አየሁት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ገና አልለቀቀም፤ እናትሽ በርበሬ የምታሰጣበት ፀሐይ አጥታ ቀኑን ሙሉ ከሰማዩ ጋር ትጣላለች።

የላክሽልኝን የክላሲካል ሙዚቃ ምርጫ አየሁት። «አባዬ፣ ያንተንም ጻፍልኝ» ብለሻል፤ እጽፋለሁ፤ ግን አስቀድሜ ያንቺን ልተቸው። ሁሉም ስመ ጥር ናቸው፤ የሚነቀፍ የለባቸውም። ይሁን እንጂ እውነቱን ንገሪኝ፦ ስንቶቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምተሻቸዋል? ቁራጫቸውን በስልክ ጥሪና በማስታወቂያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የምመርጥበት መንገድ አንድ ነው። አልቆ ዝም ሲል እንደገና ልስማው የሚያሰኘኝን እይዛለሁ፤ የቀረውን አከብረዋለሁ፣ እሱም ይበቃዋል።

ቀዳሚው የድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ የተጻፈ ባለ ብዙ ክፍል ረጅም ድርሰት) ነው፤ «ከአዲሱ ዓለም» የሚሉት። ቼኩ ድቮርዣክ አሜሪካ ሳለ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1893 ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ መጀመሪያ ተሰማ። ሁለተኛውን ክፍል ክፈቺ። የነሐስ መሣሪያዎቹ ከብደው፣ ረግተው ጥቂት ካሰሙ በኋላ ኮር አንግሌ ይገባል፤ ከወንድሙ ከኦቦ ረዘም፣ ድምፁም ጎርነን ያለ የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ባለፈው ስከፍተው አያትሽ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እዚህ ቦታ ሲደርስ እንዝርታቸውን አቁመው «ይኼ የማን ትዝታ ነው?» አሉኝ። እንዴት ያለ ጆሮ! የዜማው መነሻ በእርግጥም በትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ላይ ነው የሚመላለሰው፤ ክራር ላይ ብትሞክሪው ይወጣልሻል። ከእኛ ሰምቶ አይደለም፤ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በብዙ አገር አለ። አንቺ ግን ጎጃም ተወልደሽ እንዲህ ያለውን ዜማ ከዝርዝርሽ ማስቀረትሽ ገርሞኛል።

በቤትሆቨን አልስማማም። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሲምፎኒ ለሕዝብ ያቀረበው በአንድ ምሽት ነው፤ ቪየና፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1808። ዓለም አምስተኛውን ይዞ ሄደ፤ አንቺም ተከተልሽ። ለእኔ ስድስተኛውን ተዪልኝ። የገጠር ሙዚቃ ነው። ሁለተኛው ክፍል ወንዝ ዳር ነው፤ መጨረሻው ላይ ፍሉት፣ ኦቦና ክላርኔት ሦስት ወፎች ሆነው ይጠራራሉ። አራተኛው ላይ ማዕበሉ ይመጣል። መጀመሪያ ድምፀ ወፍራሞቹ ባለ ክር መሣሪያዎች፣ ቼሎና ኮንትራባሶቹ፣ ከሩቅ ያጉረመርማሉ፤ ከዚያ ቲምፓኒው ይፈነዳል። ይህ ትልቅ ከበሮ በሌሎቹ አራት ክፍሎች አንድ ጊዜ እንኳ አይመታም፤ ተጫዋቹ ያን ሁሉ ጊዜ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ለዚህ ነጎድጓድ ሲል ነው። ሐምሌ ላይ የጮቄን ነጎድጓድ እየሰማ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ዝናቡ ሲያባራ የእረኞቹ የምስጋና ዜማ ይከተላል።

የፈረንሳዊውን የራቬልን ቦሌሮ ጽፈሻል፤ እሰየው። እ.ኤ.አ. በ1928 የተሠራ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ነው። ትንሿ ከበሮ ያንኑ ምት ከዳር እስከ ዳር ትደጋግማለች፤ ፍሉት በቀስታ ይጀምራል፣ ክላርኔት ይቀበለዋል፣ እንዲህ እያለ ሁሉም ይገባል። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ማኅሌት ቆሜ ስላደግሁ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። በቁም ዜማ ይጀመራል፣ መቋሚያው ይነሣል፣ ከበሮና ጸናጽል ይገባል፣ በጽፋት ይሞቃል። ልዩነቱን ግን ልብ በዪ፦ የእኛው እየፈጠነ ይሄዳል፤ የራቬል ፍጥነቱ አይለወጥም፣ የሚጨምረው የመሣሪያው ብዛትና ጉልበቱ ነው። ከጠየቅሽኝ የእኛው ይበልጣል። (እናትሽ ይህን ስታነብ «አንተ መቼ ታዳላለህ» ብላ ሳቀች።)

እኔን ለብዙ ጊዜ ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሃምሳም እንሁን መቶ አንድ ዜማ ነው የምናዜመው። ኦርኬስትራ ውስጥ ግን ቫዮሊኑ አንድ ነገር ሲል ቼሎው ሌላ ይላል፤ ጆሮ የቱን ይያዝ? አንቺም ከተቸገርሽ የባኽን ስድስት የቼሎ ስዊቶች፣ ማለት የአጫጭር ቁራጮች ስብስቦች፣ አስቀድሚ። አንድ ሰው፣ አንድ ቼሎ፣ አጃቢ የለም። ማሲንቆ ተቀምጦ ያዳመጠ ሰው አይጠፋበትም። እሱን ከለመድሽ በኋላ ወደ ትልቁ ስትመለሺ ጆሮሽን ከታች ባሉት ድምፆች ላይ ጣዪ፤ ላይኛው ራሱ ይመጣል።

ስለ ታችኛው ድምፅ ካነሣሁ ዘንድ፣ ዘጠነኛውን የቤትሆቨን ሲምፎኒ በስልክሽ ድምፅ ማጉያ አትስሚው። ያ ሁሉም የሚያውቀው የመጨረሻው ክፍል መዝሙር በሰው ድምፅ ከመዘመሩ በፊት ቼሎና ኮንትራባሶች ብቻቸውን፣ በሹክሹክታ ያህል ነው የሚያነሡት። ስልክ ያን አያወጣውም፤ ጸጥ ያለ መስሎሽ ታልፊዋለሽ።

የሞዛርትን ሬኩዬም፣ የሙታን መታሰቢያ ቅዳሴውን፣ በአንደኛ ደረጃ አስቀምጠሻል። እ.ኤ.አ. በ1791 ሞት ቀድሞት ሳይጨርሰው ቀርቶ ዙስማየር የሚባል ሰው ነው የሞላው። ከዚያው ዓመት ራሱ የጨረሰውን የክላርኔት ኮንሰርቶ፣ ክላርኔት ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ድርሰት፣ ስሚ፤ ሁለተኛውን ክፍል። እኔ የምይዘው እሱን ነው።

ከአገራችን ሰው አንድ እንኳ አለመጻፍሽ ግን ከፍቶኛል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ለኦርኬስትራ ጽፏል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም አትርሺ፤ የእሳቸው ፒያኖ ነው እንጂ ኦርኬስትራ አይደለም፤ ቢሆንም ይግቡ።

አሁን ዝርዝርሽን አሳጥረሽ ላኪልኝ፤ አምስት ይበቃል። ሬኩዬሙን አልተውም ካልሽ ለምን እንደሆነ ጻፊ፤ ታሳምኚኝ ይሆናል። ለመስቀል ስትመጪ ደኅና ማዳመጫ ግዢልኝ፤ የእኔው በግራ በኩል መስማት ካቆመ ሰነበተ፣ የሁለተኛ ቫዮሊኖቹን ይሁን የማንን እንደቀማኝ እንጃ። በርበሬው ከደረቀ በሚመጣ ሰው እንልክልሻለን።

አባትሽ
ከደብረ ማርቆስ